ደጋ ስንወጣ እማዬ ትቀር ነበር

ልጅ ሳለሁ እረፍት ማለት ደጋ መውጣት ነበር። አባቴ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ስለነበር ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱም ያርፋል። ያን ጊዜ ሁለቱን ሴት ልጆቹን፣ እኔንና ታናሽ እህቴን፣ ይዞ ታላቅ እህቱ ወደሚኖሩበት ተራራ ይወጣል። እኒህን አክስታችንን እታለም እያልን በአንቱታ ነበር የምንጠራቸው። መኪናው ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ያደርሰናል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ዳገቱ ላይ ትንፋሻችን ሲቆራረጥ አባቴ ቆም ያደርገንና የመጣንበትን አገር ወደ ኋላ ዞረን እንድናይ ያደርጋል።

ደጋው ለየወቅቱ የራሱ ነገር ነበረው። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል በቅል እያፈስን እንበላለን። ጣታችን ሲደነዝዝ እታለም ባና አልብሰው እሳት ዳር ያስቀምጡንና ረመጥ ውስጥ የቀበሩትን ድንች እያወጡ ይሰጡናል። የተቃጠለው ልጣጭ ከእርጥቡ ባና የበግ ጠጉር ጋር ተቀላቅሎ የሚሸተው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። መስከረም ሲጠባ ገደላገደሉ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ እኛም አበባ ስንለቅም እንውላለን። በጥምቀት ጎረምሶቹ ሜዳው ላይ ፈረስ ሲጋልቡ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠን እናያለን። በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ከትልቁ የጽድ ዛፍ ላይ ጠፍር ታስሮልን ዥዋዥዌ ነው።

እማዬ አትመጣም ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ በበዓል መንገደኛው ስለሚበዛ የእኛ ማረፊያ የእሷ ጥድፊያ ነው። ሹራባችንን አጥባ፣ ለእታለም በርበሬ ቋጥራ፣ እስከ መኪናው ትሸኘናለች። ስንመለስ ሽንኩርት እየከተፈች ወሬያችንን ታዳምጣለች። ማለዳ ላይ ውርጩ ምን እንደሚመስል፣ ከገደሉ ጫፍ ሲያዩ እስከ የት እንደሚታይ፣ ፈረሶቹ ምን ምን ዓይነት እንደሆኑ አንድም ሳይቀራት ትጠይቀናለች። ወሬ ወድዳ ይመስለን ነበር። አባቴ አልፎ አልፎ አብረሽን ብትመጪ ሲላት ብርድ አልወድም ትለዋለች። ሁላችንም አመንናት።

አንድ ዓመት ጥምቀት ሊደርስ ሲል የቤቱ ባለቤት ጣሪያ ሊቀይር ቆርቆሮውን አስነሳና ምግብ ቤቱ ተዘጋ። አባቴ እንግዲህ ምክንያት አጣሽ ብሎ ሳቀባት። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

ያን ዳገት ከሁላችንም ቀድማ ወጣችው። እታለም ደጃቸው ላይ ቆመው ሲያዩዋት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። የእማዬ ስም ይታይሽ ነው። አቅፈው አገላብጠው ከሳሟት በኋላ፣ «ስምሽን ይታይሽ ብለው አወጡልሽ፤ የሚያሳይሽ ግን አልሰጡሽም» አሏት። ሲናገሩ ግን ዓይናቸው አባቴ ላይ ነበር። አባቴ አጎንብሶ የጫማውን አቧራ ማራገፍ ጀመረ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ የእታለም ልጅ ፈረሱን ይዞ መጣና ለቀልድ ያህል ይውጡበት አላት። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ቡሬ ገጠር ሳለች ከወንድሞቿ ጋር ስትጋልብ እንዳደገች ያን ቀን ገና መስማታችን ነው። መጀመሪያ በእርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ለቀቀችው። ሜዳውን ዞራ ስትመለስ ሻሿ ወልቆ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ነበር፤ እየሳቀች ነበር። እንዲያ ያለ ሳቅ ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ካቡ ላይ ቆሞ ትክ ብሎ አያት። ከሜዳው ስንመለስ፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ አመጣታለሁ ብሎ በእታለም ፊት ቃል ገባ፤ ከገደሉ ጫፍ የሚታየውንም አገር ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት በየስሙ እየጠራ እንደሚያሳያት ነገራት።

አልሆነም። ጣሪያው ተሠራ፣ ምግብ ቤቱ ተከፈተ። አንድ ዓመት ወጥ ሠሪዋ ጥላት ሄደች፤ በሌላው ዓመት እህቴ ታመመች። እኛ እንደ ልማዳችን ወጣን፤ እሷ እንደ ልማዷ ሸኘችን። ቀስ በቀስ የገባውን ቃል ማንም የማያነሳው ሆነ። እኔና እህቴ ለሥራ ባሕር ዳር ገባን፣ አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አረፈ። ከዚያ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ደጋ መውጣት ወሬ ብቻ ሆነ። የኔ ልጆች በዓል ሲሆን ሐይቅ ዳር ሄደው ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ፤ በረዶ በቅል ማፈስን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

አምና እታለም አረፉ። መንገድ ሲገኝ ለለቅሶ ወጣን። አሁን መኪና ደጃፋቸው ድረስ ይገባል። የእማዬ ጉልበት እምቢ ስላለ በሁለት በኩል ደግፈን አወረድናት። ካለቀሰች በኋላ ከድንኳኑ ወጥታ ገደሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ለፋሲካ ከልጆቹ ጋር እናመጣሻለን አልኋት። እሷ ግን ከታች የሚታየውን ቤተ ክርስቲያን በእጇ እያመለከተች የማን ደብር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቀውም። ከዚያ ማዶ ያለውን መንደር ጠየቀችኝ፤ እሱንም አላውቀውም። ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ።

«አባትሽ ያውቀው ነበር» አለች። «አንድ በአንድ ሊነግረኝ ነበር።»

ሹፌሩ ጡሩንባውን እስኪነፋ ድረስ እዚያው ተቀመጥን።