ብርድ ያስመታኋቸው ቅጠሎች

ማስተርሴን ስሠራ ሥራዬ ሁሉ ከብርድ ጋር ነበር። ደባርቅ አካባቢ አያ ከምላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ጓሮ ቁራሽ መሬት ለምኜ፣ ሁለት ዓይነት ገብስ ዘርቼ ነበር። ውርጭ ሲወርድ አንደኛው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፤ የሌላው ለጋ ቅጠል ይነጣል። ለምን? ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስት የራሱ ጂኖች አሉት። ከጂኑ የሚቀዳው መልእክት አር ኤን ኤ ይባላል፤ ቶሎ የሚበጣጠስ ቅምጥል ነገር ነው። አንዳንድ ፕሮቲኖች ይዘው ካልጠበቁት፣ በተለይ በብርድ፣ ሳይነበብ ይጠፋል። የነጣው ገብስ ጠባቂዎቹ ሰንፈውበት ይሆን? ማወቅ የፈለግሁት ይህንን ነበር። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በረዶ ውስጥ ካላደረ መልእክቱ ጎንደር ላቦራቶሪ ሳይደርስ ያልቃል።

የመጀመሪያውን ቅጠል ቆርጬ በረዶ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ደክሞኝ እዚያው እሳቸው ቤት ተኛሁ። ጠዋት ሳጥኑ ባዶ ነው። አያ ቅጠሎቹን በጨርቅ ጠቅልለው ምድጃ ዳር አስተኝተዋቸዋል! የቀለጠውን በረዶ ደግሞ ለጥጃዋ አጠጥተውልኛል።

«ምነው ልጄ፣ ውርጭ የመታውን ፍጥረት እንደገና በረዶ ውስጥ? ምን በድሎሽ ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

አለቀስኩ። እያለቀስኩም ስለ መልእክቱና ስለ ጠባቂዎቹ አስረዳኋቸው።

«እጅ የለው፣ እግር የለው፣ ታዲያ በምን ይይዘዋል?»

«በገላው ተጣብቆ።»

«ሸጋ ዘበኛ ነው!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ለቅጠል ዘበኛ የምትፈልገዋ ልጅ» እያሉ ያስተዋውቁኝ ጀመር።

በሚቀጥለው ሳምንት በረዶ ይዤ ተመለስኩ። የተረፈው ቅጠል ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ እሱም ከተበላሸ ምረቃ የሚባል ነገር የለም። ቆርጬ የከተትኩበትን ሳጥን ከምድጃው አርቄ አስቀመጥኩና «አያ፣ አደራ፣ እንዳይነኩብኝ» ብዬ ጋደም አልኩ።

ስነቃ ሳጥኑ በቦታው የለም። የለበስኩትን ጋቢ እንደተከናነብኩ ሮጬ ወጣሁ። ግቢው በውርጭ ነጥቷል። አያ ከሳጥኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል፤ በላያቸው ከእጀ ጠባባቸው በቀር ምንም የለም። የተከናነብኩት ጋቢ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ መግቢያ አጣሁ።

«ቤት ውስጥ ይሞቀዋል ብዬ እኮ ነው» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። «አይዞሽ፣ ብርድሽን አልነካሁብሽም።»