ባሌን አላውቀውም ያለው እጩ

ለምርጫው ክርክር መካኒሳ ወዳለው አዳራሽ የሄድኩት የእጩዎቹን ሐሳብ ለማመዛዘን አልነበረም። አንዱን ለማዋረድ ነበር።

ሰውዬው የሰፈራችን የጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ባሌ ዲሽ ገጣሚ ነው፤ የዚህን ሰው ዲሽም ጣራው ላይ ወጥቶ የገጠመለት እሱ ነው። ከተማው ሁሉ በተጨነቀበት ሰሞን ቤታችን ሲፈተሽ አልጋ ሥር ጥቅል ኬብል ተገኘ። ባሌ ሥራውን ቢነግራቸውም ፈታሾቹ አላመኑትም። አብሯቸው ወደ መጣው ሰብሳቢ ዞረው፣ "ታውቀዋለህ?" አሉት።

"በደንብ አላውቀውም" አለ፤ ባሌ ፊት ቆሞ።

ባሌ ሰባት ሳምንት ታስሮ ያለ ክስ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል።

መድረኩ ላይ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። "ድንበር ካልተጠበቀ፣ ሠራዊት ካልተጠናከረ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው" አለ። ሁለተኛዋ አስተማሪ ናት። "ሰው የገዛ ቤቱ ውስጥ ተማምኖ ካልተኛ የድንበሩ መጠበቅ ምን ይጠቅመዋል? ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የማንም ቤት መፈተሽ የለበትም" ስትል ከልቤ አጨበጨብኩ። ሦስተኛው እሱ ነው።

"የአገር ደኅንነት የሚጀምረው ከጎረቤት ነው" አለ። "ጎረቤቱን የሚያውቅ ሕዝብ መሐል ጠላት አይገባም።"

ጥያቄ ሲፈቀድ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

"የእርስዎን ዲሽ የገጠመልዎት ማነው?"

ሰዉ ሳቀ። "እህቴ፣ የምንነጋገረው ስለ አገር ደኅንነት ነው" አለኝ።

"እኔም ስለ እሱ ነው የምጠይቀው። ጣራዎ ላይ ወጥቶ የሠራልዎትን ሰው ፈታሾች ፊት ለምን አላውቀውም አሉ?"

ሳቁ ቆመ።

"ጊዜው የጥንቃቄ ጊዜ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ማንም በማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም ነበር።"

ወታደሩ ማይኩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና፣ "ፈርቼ ነው ይበሉ እንጂ" አለው።

ሰውዬውን ላብ ሲያጠምቀው እያየሁ ደስ አለኝ። ቶሎ መቀመጥም አልፈለግኩም።

ቤት ስደርስ ባሌ ወሬውን ሰምቶ ጠበቀኝ። "ነገሬን ለምን አደባባይ አወጣሽው? እኔ እኮ ልረሳው እየሞከርኩ ነበር" አለኝ።

"እኔ አልረሳም" አልኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

በምርጫው ቀን ልቤ ከአስተማሪዋ ጋር ነበር። ሰፈሩ የሚያወራው ግን ሰውዬውን ማሸነፍ የሚችለው ወታደሩ ብቻ እንደሆነ ነው። ከተናገረው ግማሹን ባላምንበትም ድምፄን ለእሱ ሰጠሁ። አሸነፈም። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሁለት ጊዜ ሄጄ አነበብኩት። አስተማሪዋ መጨረሻ ወጥታለች፤ እሷን ሳስብ ብቻ ትንሽ አፍራለሁ።

ሰውዬው የለቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያገኘኝ "እንዴት አደርሽ?" ይለኛል። ተራዬ እስኪደርስ ጀርባዬን ሰጥቼው እቆማለሁ።