የጭስ ወተት

አማቼ፣ የእህቴ ባል፣ ደብረ ታቦር ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ቱቦ ይዞ እሳት ፊት የሚቆም ሰው ከደመወዙ ሌላ ቱታ፣ ቦቲ ጫማ፣ ሳሙና፣ በየፈረቃው ደግሞ ወተት ይሰጠዋል፤ ወተት ጭስ ያጥባል ተብሎ። ሳንባና ጨጓራ ጎረቤት እንጂ አንድ ቤት እንዳልሆኑ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። ሰሚ አላገኘሁም።

ከእሱ በላይ የቡድን መሪው አለ። ደመወዙ ትንሽ ከፍ ይላል፣ በወተቱ ፋንታ የስልክ ካርድ ያገኛል፣ መኪናው ሲወጣም ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ ኃላፊው አለ። ቢሮ፣ ነዳጅና የቤት አበል አለው፤ ጭስ የሚሸተው ቤቱ ሽሮ ሲያር ብቻ ነው። ሰው ከእሳቱ በራቀ ቁጥር ጥቅሙ ይጨምራል ማለት ነው። ይህን ሕግ ያገኘሁት ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሳይሆን ከአማቼ ጉልበት ነው። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ቱቦ ያዦቹ ከኋላ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ የጉና ተራራ ነፋስ ጉልበቱን በልቶ ጨርሶታል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የቡድን መሪው ተዛወረና ቦታው ለአማቼ ሊሰጥ ነው ተባለ። ለምክር ተጠራሁ። በቤተሰቡ ውስጥ ብዙ ያነበብኩ እኔ ስለሆንኩ ሁልጊዜ እጠራለሁ፤ ምክሬን የተቀበለኝ ግን እስካሁን የለም።

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። እህቴ ቤት በጾም ወተት አይጠጣም። ስለዚህ የጭሱን ወተት ታጠራቅማለች፣ ታረጋዋለች፣ ትንጠዋለች። የፋሲካው ቅቤ በየዓመቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ጋሼ፣ ካርድ ይናጣል?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አይናጥም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልናል?»

«ይደውልበታል።»

«ለማን? ጓደኞቹ እንደሆኑ ሁሉም አንድ መኪና ላይ ናቸው።»

አማቼ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ እኔ ዞረ። «አንቱ ንገሩልኝ እስቲ። እኔ ካርዱንም አልፈልግ። መቀመጥ ነው የምፈልግ።»

እኔ እንደ ልማዴ ሁለቱንም ተቃወምኩ፤ ሹመቱንም ወተቱንም አትመኑ አልኩ። እነሱ እኔን ትተው እርስ በርስ ተስማሙ። ሹመቱን ይቀበላል፣ በደመወዙ ጭማሪ ቅቤ ይገዛል።

ሹመቱ መጣ፤ ግን በውክልና። የውክልና ትርጉም ሥራው የአንተ ሆኖ ጥቅሙ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ጭማሪውና ካርዱ ሹመቱ እስኪጸድቅ ይቆያሉ ተባለ። ወተቱ ግን በዚያው ቀን ቆመ፤ ቱቦ አይይዝማ። አማቼ ጋቢናው ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ የእህቴ መናጫ ቅልም ባዶውን ተሰቀለ።

በጾሙ እኩሌታ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ ገበሬ የገብስ ጭድ ክምር ተቃጠለ። አማቼ እዚያ ሲደርስ አለቃ መሆኑን ረስቶ ከጋቢናው ዘለለና ቱቦውን ነጠቀ። ገበሬው «አለቃው የታለ?» እያለ ይጮሃል።

«ያ ቱቦ የያዘው!» አለው አንዱ ሠራተኛ።

«ቱቦ የሚይዝ አለቃ ደግሞ ከየት መጣ!»

አማቼ ከሰል መስሎ ቤቱ ገባ። እህቴ ቱታውን አላጠበችውም። በማግስቱ ጠቅልላ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። እኔም ለሽምግልና ብዬ ተከተልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለማየት ነው። ቱታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ጭስ ጋቢና አይገባም ያለዎት ማን ነው?»

«እህቴ፣ ወተት ቱቦ ለያዘ ነው። መመሪያው ነው» አላት ኃላፊው።

«ትናንት ማን ያዘውና? እስቲ ያሽትቱት።»

ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ወዲያው ሳል ያዘው፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«ይኸው፣ ለዚህ ወተት ጥሩ ነው» አለችው።

«ጾም ነው እኮ!»

«እኛስ መቼ ጠጣነው?»

ኃላፊው እየሳለ ወደ እኔ አየ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። በመጨረሻ፣ ሹመቱ እስኪጸድቅ ድረስ ወተቱ ይቀጥል ብሎ አዘዘ።

በፋሲካ ዶሮው በዚያ ቅቤ ተሠራ። ስለ ሳንባና ጨጓራ አንድም ቃል ሳልተነፍስ በላሁ። እህቴ ከበዓሉ በኋላ ሲጸድቅ የሚመጣውን ጭማሪ ከእብናት ከሚመጣው ቅቤ ዋጋ ጋር አስተያይታ፣ «ጭማሪው የወተቱን ቅቤ አይገዛም» አለች።

አማቼ ዛሬም ተወካይ ነው። ተቀምጦ ይሄዳል፤ እሳቱ ጋ ሲደርስ ወተቱ እንዳይቆም ዘሎ ቱቦ ይይዛል። ጉልበቱ ቀለል ብሎታል። ከሥራ ሲመለስ እህቴ ገና በሩ ላይ «ጸደቀ?» ትለዋለች።

«ገና ነው።»

«ተመስገን» ትልና ወተቱን ትቀበለዋለች።