ሰውየውን ይተዉት

ክረምት በገባ ቁጥር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ የቆመው አቡጀዲ ይሸተኛል፤ እርጥበት ሲነካው የዘይት ቀለሙ እንደ አዲስ ይነቃና፣ ቤቱን በሙሉ አዳርሶ፣ ሳልወድ በግዴ ወደ አባቴ ፎቶ ቤት ይመልሰኛል። ሽታው ደስ የሚል አይደለም። የዘይት፣ የአቧራና የቆየ ንዴት ሽታ ነው። ንዴት ይሸታል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ እኛ ቤት ይሸት ነበር ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

አባቴ ምናለ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችው። ጊዜው የፊልም ካሜራ ሊያበቃለት የተቃረበበት ነበር። ከአማኑኤል፣ ከአምበር፣ አልፎ አልፎም ከዲማ ለገበያ ወይም ለጉዳይ የመጣ ሰው ጎራ ብሎ፣ ጠጉሩን በውሃ አርሶ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው መጋረጃ ፊት ይቆም ነበር። መጋረጃው ላይ ባሕር ተስሏል፤ ከባሕሩ ዳር ዘንባባ፣ ከዘንባባው በላይ ደግሞ ክንፉ የተንሻፈፈ አውሮፕላን። ስንቱ ደገኛ ባሕር በዓይኑ ሳያይ ከነጋቢው ባሕር ዳር ቆሞ ፎቶ ተነስቷል!

አባቴ ያንን ባሕር አምርሮ ይጠላው ነበር። «ጮቄን የሚያህል ተራራ ይዘን የማን ውሃ ፊት ነው የምንቆመው?» ይላል፣ መጋረጃውን በአገጩ እየጠቆመ። ሐሳቡ አንድ ነበር፦ ጮቄን ጅባራ ከሚባለው የደጋ ተክሉ ጋር አንስቶ፣ ፎቶውን ለሰዓሊ ሰጥቶ በትልቅ አቡጀዲ ላይ ማሳልና ባሕሩን አውርዶ በቦታው መስቀል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቅበት ነበር። «ሰው ከጮቄ ድረስ በእግሩ የሚመጣው ጮቄ ፊት ሊቆም ነው እንዴ?» ትለዋለች። የሰፈሩ ሰውም ፎቶ አንሺ ማለቱን ትቶ «ተራራ አንሺው» ይለው ጀመር፤ ከቤት በወጣ ቁጥር «እስቲ ዛሬስ ወገብህን እንዳትታመም!» የሚለው አይጠፋም ነበር። አባቴ አብሮ ይስቅና ቤት ሲገባ ጫማውን ወደ ጥግ ይወረውረዋል።

ወደ ተራራው ሲሄድ እኔን ሴት ልጁንም ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ ለሥራው ፈልጎኝ ሳይሆን እናቴ «ልጅ ከያዘ ሳይመሽ ይመለሳል» ስለምትል ነው። ሽቅብ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን፣ መንገዱ ሲያበቃ ወርደን በእግር እንወጣለን። በበጋ ስንወጣ አቧራውና ከየማሳው የሚነሳው የቃጠሎ ጭስ ተራራውን አደብዝዞት እናገኛለን፤ በበልግ ደመናው ወርዶ፣ ጉም እግራችን ሥር እየተንከባለለ፣ አባቴ ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ውሎ አንድም ሳያነሳ እንመለሳለን። ክረምቱንማ ተዉት። በብርዱ እጄ ደንዝዞ፣ በረሃብ ሆዴ ተጣብቆ፣ ይህ ተራራ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን ቢያሳየን ምን ነበረበት እያልኩ አለቅስ ነበር። አባቴም እንደ ማልቀስ ሲቃጣው አይቻለሁ።

ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሰው አለ። ባዶ ቦታ ላይ ካሜራ መደገን በእኛ አገር እንደ ብክነት ይታይ ነበርና፣ ያየን ሁሉ ያዝንልን ነበር። አባቴ ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ተክሎ፣ አጎንብሶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያመቻች፣ ከማሳው ውስጥ አንዱ ሞፈሩን ጥሎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እየሮጠ መጥቶ ፊት ለፊት ይገተራል። «ባዶውን አታንሳ ወንድምየ፣ እኔ ልቁምልህ!» ይላል፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለ እየተነፈሰ። ሊቆምልህ የመጣን ሰው እንዴት ውጣ ትለዋለህ? ነውር ነው። አባቴ ጥርሱን ነክሶ ያነሳዋል፤ ሰውየውም ሚስቱን ይጠራል፣ ሚስትየዋ ጎረቤቷን ትጠራለች፣ ፊልሙ እዚያው ያልቃል። ተራራ ሊያመጣ የሄደ ሰው የሠርግ አጃቢ የሚያህል ሰው በፊልም ይዞ ይመለስ ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት፣ አያ ቢምረው የሚባል የተራራው ግርጌ ገበሬ ለገበያ ሲወርድ ፎቶ ቤታችን ጎራ ብሎ የምሥራች ነገረን። ከማሳው በላይ ካሉት ጅባራዎች ትልቁ አበባውን መምዘዝ ጀምሯል። ጅባራ ብዙ ዓመት እንዲሁ በቅጠሉ ኖሮ፣ ዕድሜው ሲደርስ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ ሽቅብ ይመዛል፤ አንዴ አብቦም ይደርቃል፤ ሁለተኛ የለውም። ስለዚህ አባቴ ያን ክረምት እንቅልፍ አልነበረውም። መስከረም እስኪጠባ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ አንዱ ባለጌ አበባውን እንዳይቆርጠው እየፈራ፣ የተራራ ሰው ባገኘ ቁጥር «ቆሟል?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

በጥቅምት ቆሞ አገኘነው። ማለዳ ነበር፣ ውርጩ በጓሳው ሣር ላይ አልቀለጠም፣ ሰማዩ ጠርቶ ከጅባራው ኋላ የተራራው ጫፍ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ጥራት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አባቴ በመንገድ ላይ «ልቁምልህ» ባዮች ፊልሙን ስለጨረሱበት የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች። ትንፋሹን ውጦ ተጫናት። ልክ ሲጫን አያ ቢምረው የጠፋች በቅሎውን ፍለጋ ከጎን ብቅ ብሎ፣ ጅባራው አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጎኑን ሰጥቶን ወደ ሸለቆው ያይ ነበር። እኛን አላየንም። እስካሁን ድረስ ያ ነገር ያናድደኛል፤ ሺህ ሰው ሊቆምልን ሲሮጥ፣ ያቺን ቀን ያበላሸው ሊቆምልን ያላሰበው ብቸኛ ሰው ነበር። አዲስ ፊልም ይዘን በሳምንቱ ስንመለስ ያልታሰበ በረዶ ወርዶ አበባውን አራግፎት ደረስን።

ፎቶው ግን ታጥቦ ሲመጣ ከሰውየው በቀር ምንም እንከን አልነበረበትም። አባቴ ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ ስመኝን አስጠራ። መሪጌታ ዲማ የተማሩ፣ የብዙ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሳሉ፣ ሲናገሩ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ካላመላለሱ ደስ የማይላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ፎቶውን ተቀብለው፣ ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

«ተራራውን እንዳለ ይሳሉልኝ» አላቸው አባቴ፣ «ሰውየውን ግን ይተዉት።»

«እተወዋለሁ» አሉ መሪጌታ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሁለቱም እንደዚያ ቀን ተስማምተው አያውቁም ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ በጥበቃ አለፉ። ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው መሪጌታ አቡጀዲውን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ፤ ባሕሩ ወርዶ ተራራው ተሰቀለ። ቆንጆ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ሰማዩ በቤተ ክርስቲያን ሰማያዊ ተሞልቶ፣ ጅባራው መቋሚያ መስሎ ቀጥ ብሎ፣ ተራራው ከበስተኋላ ተንጣሎ። ከጅባራው አጠገብ ደግሞ አያ ቢምረው፣ ከነጋቢው፣ ከነዱላው፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ በአንድ ዓይኑ ሸለቆውን እያየ።

«ሰውየውን ይተዉት ብዬ አልነበረም?» አለ አባቴ።

«ብለሃል። ተውሁት። ጫፉን አልነካሁበትም» አሉ መሪጌታ። የአባቴ ፊት ሲጠቁር አይተው ነገሩ ገባቸው፤ ነገር ግን የሚጸጸቱ አልነበሩም። «አጥፋልኝ ማለትህ ኖሯል? እንግዲያ አጥፋልኝ ነበር የሚባለው። እንደዚያ ብትለኝም እምቢ እልህ ነበር ልጄ። ሰው ከቆመበት ምድር ላይ የምፍቅ እኔ ማነኝ?»

አባቴ ዋጋቸውን ከፍሎ ሸኛቸው። ጥምቀት ደረሰ፣ ከተማው ነጭ ለበሰ፣ ፎቶ ሊነሳ የመጣው ሰው እስከ በሩ ተሰለፈ፤ መጀመሪያ የቆሙት ሰዎች «ይኸ የእኛ ጮቄ አይደል?» ብለው ሲደነቁ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራው ላይ ሲዘፍን ሰማሁት። ደስታው አንድ ጠዋት እንኳ አልሞላም። ሰልፉ ላይ የነበሩ አንዲት እማሆይ ወደ መጋረጃው ጠጋ ብለው፣ «ይህ ባለ አንድ ዓይን ማነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ አዞረ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ ግን በጎኑ በአንድ ዓይኑ እንደሚሳል የማያውቅ ሰው በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠርም አያስፈልግም። እማሆይ አማትበው ወጡ። አንዲት አዲስ ሙሽራ የባሏን እጅ ጎትታ «በጥምቀት ከኃጥእ ጎን አልቆምም» አለች። አባቴ ይህ ቅዱስ ሥዕል አይደለም፣ ፎቶ ነው፣ ሰውየው ወደ በቅሎው ዞሮ ነው፣ እያለ ሲለምን ሰልፉ አልቆ እኛ ብቻችንን ቀረን። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ተመልሶ ተሰቀለ።

ወሬው ተራራው ድረስ ወጣ። በሚቀጥለው ገበያ አያ ቢምረው መጣ፤ ገና ከበሩ ሰላምታም አልሰጠ።

«ምናለ፣ ምን በድየህ ነው ከኃጥአን የደመርኸኝ? ጅባራውን የነገርሁህ እኔ! ልጆቼ የማን ልጆች ይባሉ?»

አባቴ አስቀምጦ ሊያስረዳው ቢሞክር አልተቀመጠም። ሽማግሌ ሳይሆን ቀለም ነበር የፈለገው። «ዓይኔን መልሱልኝ፣ ሌላ አልሻም» አለ። መሪጌታ ተጠሩ፤ ብሩሻቸውን አውጥተው፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ሁሉ ጎን ለሰጠው ፊት ሁለተኛ ዓይን ጨመሩለት፤ እዚያው በአንዱ ጉንጭ ላይ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ። አያ ቢምረው ቀረብ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎም አየ። «አሁን ሆነ» አለና፣ አባቴን ትከሻውን ሳም ሳም አድርጎ፣ መርቆን ሄደ።

እሱ ረክቶ ሄደ፣ መሪጌታም ረክተው ሄዱ፤ ማታውን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ባለ ሁለት ዓይኑን ጎን ሊያይና ሊስቅ መጣ። አባቴ ማንንም አልተቆጣም። አቡጀዲውን አውርዶ ጠቀለለው፣ በገመድ አሰረው፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆመው፤ ከዚያ ወዲያ ተራራ አላነሳም። ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ መሪጌታን ቢከስ እመርጥ ነበር። በልጅነቴ በሁሉም ላይ ተናድጄ ነበር፤ በእማሆይ፣ በበቅሎይቱ፣ በበረዶው፣ «ይተዉት» በሚለው ቃል፣ እንዲህ በቀላሉ እጁን በሰጠው በራሱ በአባቴም ላይ። አሁንም አልበረደልኝም።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ፎቶ ቤቱ ዛሬ የእኔ ነው፤ ባሕሩን የሚፈልግ የለም፣ ሙሽሮች በመኪና ታጅበው ጮቄ ድረስ ወጥተው «ተፈጥሮ ይግባበት» ይሉኛል፣ ከኋላቸው ያለፈ እረኛ ካለም ስልኬ ላይ በጣቴ ጠረግ አደርገዋለሁ። መሪጌታ እምቢ እለው ነበር ያሉትን እኔ ሻይ እየጠጣሁ እሠራዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት እልህ ይዞኝ ብቻዬን ወደዚያ ቦታ ወጣሁ። ውርጩ አለ፣ ሰማዩም ጠርቷል። ካሜራዬን ተክዬ ሳጎነብስ ማንም እየሮጠ አልመጣም። ከድንች ማሳው ውስጥ የሚቆፍር አንድ ጎልማሳ ቀና ብሎ አየኝና፣ ዶማውን አንስቶ ወደ ዳር ፈቀቅ እያለ «ልውጣልሽ?» አለኝ። በአገጩ አወቅሁት፤ የአያ ቢምረው ልጅ ውበቱ ነበር። ወጣልኝ። በሌንሱ ውስጥ አየሁ፦ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው፣ ሰው የሌለበት ጮቄ ፊቴ ተንጣሏል። ጅባራም የለበትም። እስከ ላይ ድረስ ድንችና ባሕር ዛፍ ነው፤ «ጅባራው ወደ ጫፉ ሸሽቷል፣ እዚህ ድሮ ነበር አሉ» አለኝ ውበቱ፣ የሌላ አገር ወሬ እንደሚያወራ። ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም፤ እሱም ልጆች አሉት፣ ድንቹም ይበላል።

አባቴ ያን ጊዜ ቦታውን አግኝቶ ሰውየውን ማስወጣት አቃተው፤ እኔ ዛሬ ሰውየው በፈቃዱ ወጥቶልኝ የማነሳው ቦታ አጣሁ።

«ጨረስሽ?» አለኝ ከዳር ሆኖ።

«አልጨረስኩም፤ መውጣቱን ተወው» አልኩት፣ «ተመለስና ቁምልኝ።»

«የት ጋ?»

«ጅባራው የነበረበት።»

ዶማውን ተደግፎ ቆመና፣ ጎኑን ሰጥቶኝ ወደ ሸለቆው ያይ ጀመር፤ ቁርጥ አባቱን። ጣቴ መጫኛው ላይ እንደሆነ ቀረ።

«ዙር፣ ውበቱ» ብዬ ጮህኩ። «ወደ እኔ ዙር፤ በሁለት ዓይንህ እየኝ!»