በሰም የታሸገው ሳልባትዮ

በዚያ የአብዮት ዘመን የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። መርሳ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረችኝ። ሙያውን ወልዲያ ስማር ሁለት ነገር ይዤ ወጣሁ፤ አንዱ ሞተር መፍታት ነው፣ ሁለተኛው ሰው ፊት አለማመንታት። ሁለተኛውን ይበልጥ ተክኜበት ነበር። ባለመኪናው ገና ሳይወርድ በሽታውን እነግረዋለሁ፤ ከሳትኩም "እንዲህም ያደርጋል" ብዬ ሌላ እፈታለሁ። ማን ያውቅብኛል?

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ከሐራ በኩል ካለ የገበሬዎች አምራች ማኅበር መልእክተኛ መጣ። ትራክተራቸው እምቢ ብላለች። ትንሽዬ የናፍጣ ትራክተር ናት፤ ማኅበርተኛው ግን በሬውን ችላ ብሎ ተስፋውን የጣለው እሷ ላይ ነበር። ዝናብ ጀምሯል፣ መሬቱ በቶሎ ካልታረሰ የጤፉ ጊዜ ማለፉ ነው። የመፍቻ ከረጢቴን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ስደርስ ትራክተሯ ማሳው መሐል ቆማለች። ሰዉ እንደ ለቀስተኛ ከቧታል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጓድ መካኒክ፣ ይሄ ተራ ብልሽት አይደለም" አለኝ። "ጠዋት እኛ ኮሚቴዎቹ ቆመን ስናይ ትሠራለች፣ ዞር ስንል ትቆማለች። ይኸው ሦስት ቀኗ። ሞተር ሰው መርጦ ይቆማል እንዴ?"

ይህን ሲል ዓይኑ ሾፌሩ ላይ ነበር። ሾፌሩ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው ጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር የነዱ። እጃቸውን አጣምረው መሪው አጠገብ ቆመዋል። ወደ እኔ ጠጋ አሉና አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩ። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፣ እንዴት ላመንታ? ጎንበስ ብዬ ከናፍጣው ቧንቧ በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩና፣ "ውኃ ተቀላቅሎበታል!" አልኩ።

"አላልኳችሁም?" አለ ሊቀ መንበሩ። "ውኃ እግር አውጥቶ አይገባ!"

ያኔ አሻጥር የምትባለው ቃል ቀላል ቃል አልነበረችም። አሻጥረኛ ተብሎ ወልዲያ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሊቀ መንበሩም ወደ ሾፌሩ ዞረ፤ ግን በትልቅ ሰው ላይ ድምፁን ከፍ ማድረግ አልሆነለትም። "ይነሡ እስቲ አባቴ" አላቸው። "እዚያ ግራር ሥር አረፍ ይበሉ። ታስረዋል። ነገ ወልዲያ ይሄዳሉ።" ጠመንጃ የያዘ አንድ ሚሊሻ መሬቱ እርጥብ መሆኑን አይቶ የራሱን ጋቢ አነጠፈላቸውና፣ "አብሽሩ" ብሎ እፊታቸው ቆመ። ምሳ ይዘው የመጡት ባለቤታቸው አገልግላቸውን እንዳቀፉ ደርቀው ቀሩ።

እኔ ደግሞ የተናገርኩትን ላሳይ የናፍጣውን ማጣሪያ ፈትቼ በብርጭቆ ቀዳሁ። ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጌ አየሁት። አንዲት ጠብታ ውኃ የለበትም! ልናገር? ወይስ መጀመሪያ እውነተኛውን በሽታ ላግኝ? አፍሬ ነው መሰል፣ ሁለተኛውን መረጥኩ። ማጣሪያውን አጸዳሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ አስነሣኋት። እልል ተባለ። እልልታው ሳያባራ፣ ማሳውን አንዴ እንኳ ሳትዞር፣ ቀስ ብላ ዝም አለች።

እንደገና ፈታሁ። ናፍጣውን የሚገፋውን ፖምፓ ነካካሁ፣ ቧንቧውን በአፌ ነፋሁ፣ ናፍጣ ጠጣሁ። ሰዉም ዝም ብሎ አልቆመም፤ አንዱ "ዓይን ነው" አለ፣ አንዷ ጠበል እንዲረጭባት መከረች፤ ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ የነቃ ሰው "ጓዶች፣ ጠበል ለሳይንስ አይሆንም" ብሎ ተቆጣና፣ ጥቂት ቆይቶ ጎኗን በርግጫ መታት። ይሄ ሳይንስ መሆኑ ነው እንግዲህ!

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና፣ "መካኒኩም ካቃተው አሻጥሩ የረቀቀ ነው ማለት ነው" አለ። ጉድ በል! የእኔ አለማወቅ በሾፌሩ ላይ ማስረጃ ሆነባቸው። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

መፍቻዬን ጥዬ ግራሩ ሥር ሄድኩና ሾፌሩ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ሞተር ከነካሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠየቅሁ። "ጋሼ፣ ሞተሩ ሲጠፋብዎ እንዴት አድርጎ ነው?"

ዓይናቸውን ከትራክተሯ ሳይነቅሉ መለሱልኝ። "ቀስ እያለ ነው። ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይከዳዋል፣ ከዚያ ዝም። ጭስ የለው፣ ማንኳኳት የለው። ጥቂት ካሳረፍኩት ደሞ ይነሣል። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ሳልባትዮው ከታሸገ ወዲህ።"

ሳልባትዮ የናፍጣው ማጠራቀሚያ ነው። ማኅተሙን አይቼው ነበር፤ ያኔ ግን ማኅተም ያየ እጅ ራሱ ይሸሻል። ነገሩ ወዲህ ነው። ናፍጣ ለኩራዝ ይሰረቃል የሚል ወሬ ስለተነሣ፣ ኮሚቴው ክዳኑ በየጠዋቱ ሦስት ሰው ባለበት ተከፍቶ፣ ተሞልቶ፣ እንዲታሸግ ወስኗል። ማሸጉ ለማኅበሩ ዕቃ ጠባቂ ለሽማግሌው ተሰጠ። እሳቸው የታወቁ ንብ አርቢ ናቸው፤ የማር ጋን ሲያሽጉ ጉንዳን ሊገባ ቀርቶ ሽታው እንኳ አይወጣም። ክዳኑንም በዚያው ሙያቸው በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሰም አፍስሰው፣ የማኅበሩን ማኅተም አሳርፈውበታል። ኮሚቴው ቆሞ የሚያየው ደግሞ ገና ተከፍቶ በተሞላበት ሰዓት ነው።

"ክዳኑ ይከፈትልኝ!" አልኩ። ያለ ቃለ ጉባኤ አይሆንም ተባለ። ሦስቱ ኮሚቴዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጻፉ፣ አንዲት ቃል ላይ ተከራከሩ፣ ፈረሙ። ከዚያ ሽማግሌው በቢላዋ ሰሙን ቆረጡ። ክዳኑ ላላ ሲል ሳልባትዮው አየሩን በረጅሙ ሳበ፤ ከሩቅ የቆሙት ሁሉ ሰሙ። ትራክተሯም ተነሣች፤ ማሳውን ዞረች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ክዳኑ ላይ በሰም የተደፈነችውን ቀዳዳ አሳየኋቸው፤ የመርፌ ዓይን ታክላለች። ናፍጣው ሲወርድ በቦታው አየር የሚገባው በእሷ ነው፤ እሷ ከተደፈነች ናፍጣው አይወርድም።

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ቆባቸውን አወለቁና፣ "እንግዲያ አሻጥረኛው እኔ ነኛ" አሉ። ሚሊሻው ግራ ገብቶት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ያነጠፈውን ጋቢ አየ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ግለ ሂስ አለኝ" አልኩ። "ናፍጣው ውስጥ ውኃ የለም። ጠዋትም ሳልመረምር ነው የተናገርኩት። ማጣሪያውን ፈትቼ ንጹሕ መሆኑን ካየሁ በኋላም አፍሬ ዝም አልኩ። ዛሬ ያጠፋሁ እኔ ነኝ።"

ሊቀ መንበሩ መሬት የወደቀውን ሰም አነሣ። የራሱ ማኅበር ማኅተም ጥርት ብሎ ይታያል። አገላብጦ አየው፣ ኪሱ ከተተው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "የመካኒኩ ግለ ሂስ ተቀባይነት አግኝቷል" አለ። ሾፌሩ ነጻ ተባሉ። ማኅተሙም አልቀረም፤ ከቀዳዳዋ ፈንጠር ብሎ እንዲመታ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አገልግሉ ተከፈተ። ሾፌሩ ጠሩኝና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፣ አፌ እንደሞላ።

"ጠዋት ልነግርህ ጀምሬ ነበርኮ፣ ልጄ" አሉኝ። "አንተ ቀደምከኝ።"

እጃቸውን ታጥበው ትራክተሯ ላይ ወጡ። ባለቤታቸው ግን አገልግላቸውን ከድነው እስኪሄዱ ድረስ አንዴም ቀና ብለው አላዩኝም።