የሁለት ሰው ክንድ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ያለች አንዲት ወጣት በኮምፒውተር የሳለችውን የበር ንድፍ ላከችልኝ። «እትዬ የሺ፣ ወርዱን ትንሽ ላሰፋው ብል ንድፉ ሁሉ ተመሰቃቀለብኝ፤ እስኪ እዩልኝ» አለችኝ። ከፈትኩት። ልኮቹ ፕሮግራሙ ራሱ ባወጣላቸው ስም ተሰልፈዋል፤ ዲ አንድ፣ ዲ ሁለት፣ ዲ ሦስት እያሉ እስከ ታች።

ደወልኩላትና «የበሩ ወርድ የቱ ነው?» አልኳት።

«ዲ አሥራ ሰባት ይመስለኛል… ወይ አሥራ ዘጠኝ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ቤቱ ጭር አለብኝና ሐሳቤ ወደ ጋሽ ይመር እንጨት ቤት ሄደ።

ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ከውጫሌ ወዲያ ካለች የአምባሰል መንደር ወደ ሐይቅ ከተማ የወረድኩት ሽማግሌ ልኮ ካስጠየቀኝ ሰው ሽሽት ነው። እናቴ «ሥራ ካገኘሽ እሺ፣ ካጣሽ ግን ትመለሻለሽ፤ ሰውየው ይጠብቃል» ብላ ለቀቀችኝ። ጋሽ ይመር ወልድያ መንገድ ዳር የነበረው እንጨት ቤቱ ውስጥ ትእዛዝ እንድቀበልና እንድጠርግ ቀጠረኝ። ጥግ ላይ በነጠላ የተሸፈነ ኮምፒውተር ነበር፤ የእህቱ ልጅ ንድፍ ሊስልበት ገዝቶት ዐረብ አገር ሲሄድ የተወው። ጋሽ ይመር «ያ መስኮት» ነበር የሚለው።

መጋዙ ሲቆም መስኮቱን እየገለጥኩ ብቻዬን ተማርኩበት። ነገሩ መስመር ማስመር ብቻ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ርዝመት ልክ ይሰጡታል፤ ልኩ ሲቀየር ሥዕሉ ይከተላል። አንዱን ልክ ከሌላው ማሰርም ይቻላል፤ የመደርደሪያውን ርዝመት ከሳጥኑ ወርድ ካሰሩት፣ ሳጥኑ ሲሰፋ እሱም ይሰፋል። ይህን ያወቅሁ ዕለት ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። ለአከራዬ ልንገራት? ዓሣ ለምትጠብሰው ጎረቤቴ? ቆሮሶ ዓሣዬን በሚጥሚጣ በልቼ ተኛሁ።

ለልኮቹ ስም ማውጣት የጀመርኩትም ያኔ ነው። ፕሮግራሙ የእኛን ፊደል እምቢ ስላለኝ በፈረንጅ ፊደል «ቁመት»፣ «ወርድ»፣ «የእግር ውፍረት» እያልኩ እጽፋለሁ። ማንም በሌለበት ጮክ ብዬ እጠራቸው ነበር። ስሙን ሲጠሩት የሚንቀሳቀስ ነገር ቤት ውስጥ መኖሩ ደግ ነው።

በጥቅምት፣ ማሽላው ሲቀላ፣ ከሐይቁ ገዳም አንድ ዲያቆን መጣ። ለብራና መጻሕፍት ቁም ሳጥን ይፈልጋሉ፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በሁለት ግድግዳ መካከል ባለ ክፍተት ልክክ ብሎ የሚገባ። ጋሽ ይመር እስላም ነው፤ «የመጻሕፍት ቤትማ በደንብ ነው የሚሠራ» ብሎ ደረቅ ዋንዛ ገዛ። ለክቶ የሚመጣ ግን ጠፋ። ጋሽ ይመር ወገቡን ይዞት ተኝቷል፤ እኔ ደግሞ ሴት ስለሆንኩ ከገዳሙ በር አላልፍም። ለዲያቆኑ ሜትር ሰጥተነው ነበር። በማግስቱ ሜትሩን ሳይፈታው መለሰልን።

«ዕቃ ቤት ጠባቂው አባ ‹ቤቱ በክንድ ነው የተሠራ፤ በክንድ ይለካ› አሉ» አለና ልኩን በቃሉ ወጣልኝ፦ የክፍተቱ ወርድ ይህን ያህል ክንድ፣ ሳጥኑ የሚያልፍበት የዕቃ ቤቱ በር ይህን ያህል።

«በል ክንድህን አምጣ» ብዬ ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ለካሁት። አፍሮ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ያችን ልክ «የዲያቆን ክንድ» ብዬ ሰየምኳትና ሳጥኑን በሙሉ ከእሷ ጋር አሰርኩት።

ጋሽ ይመር ወገቡ ሲሻለው መጥቶ ሥዕሉን አየ። «ሸጋ ነው። ግን ስሚኝ የሺ፣ ይሄ ዋንዛ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም። ከተበላሸ ያንን መስኮት እሸጠዋለሁ፤ አንቺም ወደ እናትሽ ነሽ። ወላሂ!»

«አይበላሽም።»

«አብሽሪ እንግዲህ። ነገ ይቆረጣል።»

ያን ዕለት ከሰዓት ዲያቆኑ ገበያ ወጥቶ ጎራ አለ። የሚያይልኝ ሰው ናፍቄ ስለነበር ጎትቼ ኮምፒውተሩ ፊት አቆምኩት።

«ይሄውልህ፣ ይቺ ያንተ ክንድ ናት። ይሄ ሁሉ ሳጥን በአንተ ክንድ ነው የቆመው።»

አጎንብሶ አነበበና ሳቀ። «ኧረ የኔስ በሩ ብቻ ነው! ክፍተቱን የለኩት አባ ናቸው። እኔን መቼ ያስነኩኛል!»

«አባ ቁመታቸው እንዴት ነው?»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ሳጥኑ በረጅም ሰው ክንድ ተሠርቶ በአጭር ሰው ክንድ የተለካ ክፍተት ውስጥ ሊገባ ነበር። ስሙን ዲ ሰባት ብዬ ትቼው ቢሆን ማን ይስቅ ነበር?

በማግስቱ ጋሽ ይመር መጋዙን እንዲያቆይልኝ ለምኜ በጠዋት ወደ ገዳሙ በር ሄድኩ። አባ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወጡ። ሴት መነኩሴን አትነካምና ሜትሩን ዲያቆኑ ያዘ፤ እኔ ራቅ ብዬ አንገቴን አስግጌ ቁጥሩን አነበብኩ።

«ክንዴን ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ አባ።

«ስም ላወጣለት ነው አባ።»

«ከኔ ጋር ተጠምቋል እኮ! ሌላ ስም ምን ያደርግለታል?» ዲያቆኑ በነጠላው አፉን ሸፈነ። «የማን ልጅ ነሽ? እዚህ ማን አለሽ?»

«ከአምባሰል ነኝ። እዚህ ማንም የለኝ።»

«እኔም ማንም የለኝ። የኔ ግን ወድጄ ነው» አሉና በመስቀላቸው ከሩቅ ባረኩኝ።

ተመልሼ «የአባ ክንድ» የሚል ሌላ ስም ጨመርኩ፤ ክፍተቱን ከእሳቸው፣ በሩን ከዲያቆኑ ጋር አሰርኩ። ሳጥኑ ዓይኔ እያየ ጠበበ፤ መደርደሪያዎቹም፣ መዝጊያዎቹም ሳልነካቸው አብረው ጠበቡ። ዘወር ስል ጋሽ ይመር መጋዙን እየሳለ ነበር። «እሺ፣ ቁጥሩን ጥሪልኝ» አለ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝ።

ሳጥኑ ያለቀ ዕለት ወንዶቹ ተሸክመውት ገቡ። እኔ ከበሩ ውጭ ካለች ዋርካ ሥር ቀረሁ። ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል። ከውስጥ «ወደ ግራ! ኧረ ቀስ!» ሲሉ ይሰማኛል፤ ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ያ ዝምታ ውጫሌ ድረስ፣ እናቴ ቤት ድረስ የሚወስደኝ መሰለኝ።

ዲያቆኑ እየሮጠ ወጣ። «ገባ! ጎራዴ ሰገባው ውስጥ እንደሚገባ ገባ! አባ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፣ ይከፍቱታል!»

«ምን ይመስላል?» አልኩት።

አሰበ። «ያው… ቁም ሳጥን ነዋ!» ብሎ ተመልሶ ገባ።

ወንዶቹ ለምሳ እዚያው ቀሩ። እኔ በሐይቁ ዳር ብቻዬን ወደ ከተማ ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁና እየጋጥኩ ሄድኩ። ወደ እናቴ አልመለስም፤ ሥራዬ የኔ ነው። ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ ግን የሚካፈለኝ ሰው አልነበረም፤ በቆሎውም ሳይጣፍጠኝ አለቀ።

እናቴ ለሰውየው ሌላ ሴት ፈልጋ ዳረችለት። እኔም እዚሁ ሐይቅ ቀረሁ፤ እየሳልኩ አረጀሁ ማለት ይቻላል። ያንን ዕቃ ቤት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አውቀዋለሁ፤ ሽታው ግን ምን እንደሆነ፣ ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባበት አላውቅም። ሙያዬ እንዲህ ነው። የሰው ቤት በሚሊሜትር አውቃለሁ፤ ቡና ጠጪ ብሎ የሚጠራኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ከወረባቦ እስከ ውጫሌ የሳልኳቸው በሮች በየቤቱ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከውስጥ በኩል ያየኋቸው ግን ጥቂት ናቸው።