ሸለቆውን ያላየንበት እሑድ

ጎረቤቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። በጉርምስናው ከሰፈራችን በታች ባለው ሸለቆ ቁልቁለት ላይ የብስክሌቱ ፍሬን እምቢ ብሎት ከሥር ያለው ወንዝ ውስጥ ወድቆ፣ ለጥቂት ተርፏል፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ሚስቱ ያንን ወንዝ በብስክሌት እንዲያሳያት ስትጨቀጭቀው ኖራ፣ ባለፈው እሑድ እሺ አላት። እኔም አብሬያቸው ወጣሁ።

በየመታጠፊያው "ቁሚ!" ይላትና ወርዶ የብስክሌቷን ፍሬን ይነካካል።

"አንተ ሰውዬ፣ ያመጣኸኝ ሸለቆ ነው ጋራዥ?" አለችው። "ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው እኮ!"

"አንዴ፣ ይቺን ብሎን ብቻ ላጥብቃት።"

የእኔም ትዕግሥት አለቀ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጨልሞ፣ ድምፁ ይሰማል እንጂ ውኃው አይታይም።

"እሰይ! ጨለማ አሳየኸኝ!" አለችው።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ወንዙን ሌላ ቀን እናየዋለን" አላት። "ዋናው አንቺ ሳትወድቂ መውረድሽ ነው።"